በእጅ የተሠራ የኤሮዳይናሚክ (የአየር ተቃውሞን የሚቀንስ) ክዳን በመኪና ቸርኬ ላይ መግጠም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አሽከርካሪዎች

የአውቶሞቢል ቸርኬ ክፍተትና ቀዳዳ የበዛበት ሲሆን፣ በተሽከረከረ ቁጥር አየሩን እንደ ማራገቢያ ወደ ጎን እየገፋ ያምሰዋል፤ የታመሰው አየርም በመኪናው ጎን ተጠግቶ በጸጥታ ማለፍ የሚገባውን አየር ያውከዋል። ጎማዎቹና የተቀመጡባቸው ክፍተቶች በአንድነት ሲታሰቡ ከአንድ ተራ አውቶሞቢል የአየር ተቃውሞ ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። በአሜሪካ የቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ ለፍጥነት ክብረ ወሰን የሚወዳደሩ መኪኖች ቸርኬያቸውን በለስላሳ የአሉሚኒየም ክዳን መሸፈን ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢቪ 1 የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና የአየር ተቃውሞ መለኪያው 0.19 ብቻ ሊሆን የቻለው ከሌሎች ነገሮች ጋር ጎማዎቹ በጥንቃቄ ስለታሰበባቸው ነው፤ የቴስላ ሞዴል 3 ቸርኬዎችም ላያቸው ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ክዳን አላቸው። ይህንኑ ሐሳብ በተራ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ላይ በአነስተኛ ወጪ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ደሴና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው መንገድ የሐረጎን ዳገትና ቁልቁለት የያዘ በመሆኑ፣ በሜዳ አገር የሚሠራው አሠራር እዚህ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። የኋላው ጎማ ሙሉ በሙሉ ሊከደን ይችላል፤ የፊተኛው ግን ፍሬኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ሊተውለት የግድ ነው።

ማን ይጠቀማል?

አየር መኪናውን ወደ ኋላ የሚገታበት ኃይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ አውቶሞቢል በኮምቦልቻ ከፍታ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ 200 ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ ጎማዎቹ በአስፋልቱ ላይ ሲንከባለሉ የሚገጥማቸው ተቃውሞ ደግሞ 140 ኒውተን ያህል ነው። ያው መኪና በ40 ሲሄድ የጎማው ተቃውሞ እዚያው ይቆያል፤ የአየሩ ግን ወደ 40 ኒውተን ይወርዳል። ስለዚህ በደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ገበያ፣ ከገበያ ቤት እየተመላለሰ ከባጃጅ ጋር መንገድ የሚካፈል ሰው ከዚህ ሥራ የሚያገኘው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ጊዜውንም ገንዘቡንም ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል። ጥቅሙ የሚታየው ከኮምቦልቻ ወጥቶ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ የሚወስደውን ቀጥ ያለ መንገድ አዘውትሮ ለሚሄድ ነው።

የጥቅሙም መጠን በልኩ መታወቅ አለበት። ክዳኑ ከአየር ተቃውሞው ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢቀንስ፣ በዚያው በ90 ፍጥነት ከነዳጁ የሚተርፈው 2 ወይም 3 በመቶ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚፈጅ መኪና ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሲደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ቢያተርፍ ነው። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ለሚሄድ ግን ምንም ነው። የእኛ አካባቢ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ በኮምቦልቻ ያለው አየር ከባሕር ወለል አየር ይልቅ በ17 በመቶ ገደማ፣ በደሴ ያለው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ከአየር የሚተርፈው ነዳጅ በቆላማውና በባሕር ጠረፍ አገር ከሚተርፈው ያንሳል። እንዲሁም ጎማው ንፋስ የጎደለው ከሆነ ክዳኑ የሚያተርፈውን ያህል በሌላ በኩል ይባክናል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ንፋሱን በበሩ ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ማስሞላት ይገባል።

ሐረጎና የፍሬኑ ሙቀት

ይህ ክፍል ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከቱ ተገቢ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ1,850 ሜትር ብዙም ፈቀቅ አትልም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ 650 ሜትር ያህል ቁልቁለት በአጭር መንገድ ይወረዳል፤ አብዛኛውም በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 7.6 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ20 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩ፣ አየሩና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ በፍሬን ዲስኩና በታምቡሩ ላይ ያርፋል። መኪና ቁልቁል ሲሄድና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የሚበዛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው።

ዲስኩ ይህን ሙቀት የሚያስወግደው በዋነኝነት በዙሪያው በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩም ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ የቸርኬው ቀዳዳዎች ናቸው። እነዚህን በላያቸው ላይ ደፍኖ በሐረጎ መውረድ የሙቀቱን መውጫ መዝጋት ነው። እንደ ተባለው አየራችን የሳሳ በመሆኑ ያለ ምንም ክዳንም ቢሆን የፍሬን ማቀዝቀዝ አቅሙ ከቆላ አገር ያነሰ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ወሰን አለው፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍላት ደረጃው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 በአዲስነቱ 230፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት በእግር ሲረገጥ የሚጨማደድ ስለሆነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

በዚህ ምክንያት ሦስት ነገሮችን እንደ ግዴታ መያዝ ይገባል። የፊት ክዳን መሀሉ ክፍት መሆን አለበት። ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ክዳን ከመግጠም በፊት መለወጥ አለበት። ቁልቁለቱም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው እየተደረገ መወረድ አለበት፤ በፍሪሲዮን ወይም በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚረጩ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የነዳጁን ርጭት ያቋርጣሉና። ከባቲ ወደ ሚሌ የሚወርድ አሽከርካሪም ይህንኑ ምክር ልብ ይበል፤ እዚያ ቁልቁለቱ ረጅም፣ የውጪው ሙቀትም ከባድ ነው።

ዕቃውና ልኩ

ከሁሉ የተሻለው ዕቃ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። የ14 ኢንች ቸርኬ ክዳን በ39 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲቆረጥ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 320 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የብረት ላሜራ ግን በሦስት እጥፍ ስለሚከብድ፣ ርካሽ ቢሆንም እንኳ፣ አልመክረውም። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊካርቦኔትም ይሆናል። አክሪሊክ የሚባለው መስታወት መሳይ ፕላስቲክ ግን ጠጠር ሲመታው ስለሚሰነጠቅ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። ከላሜራው በተጨማሪ በዋናው የፋብሪካ ልክ የተሠሩ፣ በሽቦ ቀለበት ቸርኬው ላይ ተጭነው የሚያዙ አራት የፕላስቲክ ክዳኖች ያስፈልጋሉ፤ የጥርሶቻቸው ጤንነት እስከ ተረጋገጠ ድረስ ያገለገሉ ቢሆኑም ችግር የለውም።

ላሜራውን በቀጥታ ቸርኬው ላይ ከመብሳት ይልቅ በፕላስቲኩ ላይ ማሰር የሚመረጥበት ምክንያት አለ። የዛሬ ጎማዎች ብዙዎቹ ከመነዳሪ የሌላቸው በመሆኑ፣ ቸርኬውን በተሳሳተ ቦታ የበሳ ሰው ንፋሱ የሚያመልጥበትን መንገድ ከፈተ ማለት ነው። ሌላው ከዚህ የከፋ ልማድ ላሜራውን በጎማው ዳዶና በቸርኬው መካከል አስገብቶ ማጥበቅ ነው። ዳዶው የተሠራው ሾጣጣ ግንባሩ በቸርኬው ሾጣጣ መቀመጫ ላይ በቀጥታ እንዲያርፍ ነው፤ በመካከላቸው ለስላሳ አሉሚኒየም ከገባ ላሜራው እየተጨፈለቀ በሄደ መጠን ዳዶው ይላላል፤ ውሎ አድሮም ጎማው ይወልቃል። ይህን ማንም ጎሚስታ ወይም ጋራዥ «ምንም አይሆንም» ቢል እንኳ መቀበል አይገባም።

ልክ ሲወሰድ በቸርኬው ላይ የተጻፈውን የኢንች ቁጥር ማመን አይበቃም፤ 14 ኢንች የሚለው ጎማው የሚቀመጥበትን ቦታ ስፋት እንጂ የውጪውን ከንፈር አይገልጽም። ከከንፈር እስከ ከንፈር በሜትር በሁለት አቅጣጫ ለክተው፣ ካገኙት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀንሰው የክዳኑን ስፋት ይወስኑ። ክዳኑ የጎማውን የጎን ግድግዳ የሚነካ ከሆነ፣ ጎማው በተጫነና በታጠፈ ቁጥር እየፈተገ ይበላዋል። ከጎማው ትከሻ አልፎ ወደ ውጪም መውጣት የለበትም፤ በገበያ ቀን ሰውና ከብት ተጠጋግቶ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚሽከረከር የላሜራ ጠርዝ አደገኛ ነው።

መቁረጥና ማዘጋጀት

በላሜራው ላይ መሀሉን በሹል ብረት ምልክት አድርገው፣ በምስማርና በማይለጠጥ ሽቦ ክቡን ይሳሉ። ሲባጎ ስለሚለጠጥ ክቡን ያዛባዋል። መቁረጡን በቆርቆሮ መቀስ፣ ከመስመሩ ውጪ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ እየተዉ ይጨርሱና የቀረውን በሞረድ እስከ መስመሩ ድረስ ያስተካክሉ። በግራይንደር መቁረጥ ፈጣን ቢሆንም አሉሚኒየም ድንጋዩን ስለሚደፍነውና ጠርዙን ስለሚያቃጥለው የእጅ መቀስ ይሻላል። ከዚያ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ጣት እስከማይቆርጥ ድረስ ያልስልሱት። መሀሉን በጥቂቱ ወደ ውጪ ያጎበጠ ክዳን ከዝርግ ይልቅ በነፋስ አይርገበገብም፤ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ወስዶ በአሸዋ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ማስጎበጥ ይቻላል፤ ደሴ ውስጥ ይህን አሳምረው የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች አይታጡም። የጉብታው ጫፍ ግን ከጎማው ግድግዳ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

ንፋስ ለመሙላት ከቫልቩ ፊት ለፊት ጣትና የመሙያው አፍ የሚገባበት 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስፈልጋል። በትክክል በተቃራኒው ጎን፣ ከመሀል በእኩል ርቀት፣ በዚያው ስፋት ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ይህ ለአየር ሳይሆን ለሚዛን ነው።

ለፊት ጎማዎች በሚሆኑት ሁለት ክዳኖች ላይ መሀሉን ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጦ ማውጣት፣ ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክም አብሮ መክፈት ይገባል፤ የጎማው ዳዶዎች በቀዳዳው በኩል ሙሉ በሙሉ መታየት አለባቸው። በላሜራውና በቸርኬው ፊት መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከፍሬኑ የሚመጣው ትኩስ አየር በቸርኬው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ መሀል የሚያልፈው በዚህ ክፍተት ነው። በዚህ አሠራር ብዙ ጥቅም አይጠፋም፤ አየሩን ይበልጥ የሚያምሰው በፍጥነት የሚዞረው የውጪው ዳር ሲሆን ያ ዳር እንደ ተሸፈነ ይቀራልና። ለኋላ ጎማዎች መሀሉ ሊደፈን ይችላል፤ ውኃና ጭቃ እንዲወጣ ግን በዳሩ ዙሪያ በእኩል ርቀት 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስድስት ቀዳዳዎች ይብሱ። ከኋላም ዲስክ ፍሬን ያለው መኪና ሆኖ ሐረጎን በየቀኑ ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ ከሆነ፣ አራቱንም መሀላቸውን መክፈት የበለጠ ጥንቃቄ ነው።

ማሰር

ላሜራውን በፕላስቲኩ ላይ አስቀምጠው መሀል ለመሀል ካገጣጠሙ በኋላ፣ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስድስት ብሎኖች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በ60 ዲግሪ ልዩነት ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው በትራፓኖ ይብሱ። የፕላስቲኩ ቀዳዳ ከብሎኑ በ1 ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል፤ አሉሚኒየም በፀሐይ ሲሞቅና በሌሊት ሲቀዘቅዝ ከፕላስቲኩ በተለየ መጠን ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር፣ ቀዳዳው ጥብቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ከብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል ቀጭን የጎማ ሮንዴላ፣ ከጀርባ ሰፊ የብረት ሮንዴላ፣ በመጨረሻም ራሱን የሚቆልፍ ባለ ናይለን ዳዶ ይግባ። ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል። ሪቬት መምታትም ይቻላል፤ ነገር ግን ሪቬት የላላ እንደሆነ ጠበቅ ማድረግ አይቻልም፤ ብሎን የተመረጠው ለዚህ ነው።

ለብሎኖቹ ይህን ያህል መጨነቅ ከንቱ አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የአንድ አነስተኛ አውቶሞቢል ጎማ በደቂቃ ከ900 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በዚህ ፍጥነት በቸርኬው ዳር ላይ ያለ 10 ግራም ዕቃ ወደ ውጪ የሚጎትተው ኃይል የ1.8 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። የላላ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ የላሜራ ቁራጭ ከዚህ ሲወነጨፍ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ በመንገድ ዳር የሚሄዱት ደግሞ ተማሪዎችና ገበያተኞች ናቸው።

የፕላስቲኩ ጥርሶች ብቻቸውን ክዳኑን እንዲይዙ መተው አይበቃም። በቸርኬው ቀዳዳዎች በኩል አራት ቦታ ላይ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ አሳልፈው ክዳኑን ይሰሩት፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ የፍሬኑን ክፍል ግን እንዳይነካ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ሲዞር ይታይ። ለዚህ ሥራ የፕላስቲክ ማሰሪያ አይሁን፤ ከቁልቁለት በኋላ ቸርኬው በሚደርስበት ሙቀት ይለሰልሳል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የጎማው ዳዶዎች በልካቸው መጥበቃቸውን ያረጋግጡ፤ ለብዙዎቹ የቶዮታ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ሚዛንና ሙከራ

እያንዳንዱን ክዳን ሳይገጠም በመሀሉ ላይ በቀጭን ዘንግ አንጠልጥለው በዝግታ ያዙሩት፤ መሀሉ የተከፈተውን የፊት ክዳን ደግሞ በቀዳዳው ላይ በጊዜያዊነት አንድ የጣውላ ቁራጭ አጋድመው መሀሉን በመብሳት እንዲሁ ያንጠልጥሉት። ሁልጊዜ አንድ ጎን ወደ ታች የሚመለስ ከሆነ ያ ጎን ይከብዳልና ከጀርባው በሞረድ ይቅነስ፤ ወይም በተቃራኒው ብሎን ላይ ሮንዴላ ይጨመር። ጎማዎቹ ከዚህ በፊት ባላንስ ካልተደረጉ መጀመሪያ ያለ ክዳን እንዲደረጉ ያድርጉ፤ አለዚያ መሪው ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

የመጀመሪያው ሙከራ በሐረጎ ላይ መሆን የለበትም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ትራፊክ በማይበዛበት ማለዳ፣ በ40 ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው ይቁሙና ብሎኖቹንና ሽቦዎቹን በእጅ ይፈትሹ፤ ከዚያ በ60፣ ከዚያም በ80 ይድገሙት። የሚርገበገብ ድምፅ ከተሰማ ላሜራው ሳስቷል ወይም ብሎን ላልቷል ማለት ነው።

ቁልቁለቱን ለመሞከር በመጀመሪያ ያለ ክዳን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ፤ ሲደርሱ ቆመው ሙቀት በርቀት በሚለካ መሣሪያ የፊት ዲስኮቹን ይለኩ። መሣሪያው ከሌለ የእጅን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠግቶ፣ ሳይነኩ፣ ሙቀቱን ማስተዋል ይቻላል። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጭነትና በተመሳሳይ ማርሽ ክዳኑን ገጥመው ይድገሙት። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ከለሰለሰ፣ የፊት ክዳኖቹን አውልቆ የኋላዎቹን ብቻ መተው ነው የሚገባው። የፊቱ ቀርቶ የኋላው ብቻ ቢሆን እንኳ ከጥቅሙ ከፊሉ ይገኛል፤ ፍሬኑም ሳይነካ ይቆያል።

አያያዝ

በሐምሌና በነሐሴ ከአስፋልት ወጥቶ በጭቃ የሚሄድ መኪና ክዳኑን ቢያወልቅ ይሻለዋል። በክዳኑ ውስጥ በአንድ በኩል የተጋገረ ጭቃ ሲደርቅ ጎማውን ከሚዛን ያወጣዋል፤ መሪው የሚንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። በሌላው ወቅት መኪናው በታጠበ ቁጥር ውኃውን በቫልቩ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ መልቀቅ ይበቃል። ቀለም መቀባት ለሚፈልግ ሰው ስስ የሚረጭ ቀለም ይበቃዋል፤ ወፍራም ቀለም በአንድ ጎን ሲከማች ሚዛን ያዛባል።

ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ አራቱንም አውልቀው ይሂዱ፤ መርማሪው ዳዶዎቹንና ቸርኬዎቹን በግልጽ ማየት አለበት። ጎማ ሲቀየር ሽቦዎቹን ለመቁረጥ ትንሽ ፒንሳ፣ መልሶ ለማሰርም ጥቂት ትርፍ ሽቦ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ያስቀምጡ፤ የተቆረጠ ሽቦ ደግሞ አይታሰርም፣ በአዲስ ይተካል። የስድስቱም ብሎኖች ጥብቀት ከማንኛውም ረጅም ጉዞ በፊት፣ መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በቁልፍ ይፈተሽ።